በየቀጠሮው ያንኑ ወረቀት ለምን ያስሞሉናል?

የንግግር ህክምና የጀመረች አንዲት ተከታታያችን በውስጥ መስመር ይህን ጠይቃኛለች።

ለድብርት በብዛት የምንጠቀመው ፒኤችኪው-9 የሚባለውን መጠይቅ ነው። ስላለፉት 2 ሳምንታት 9 ጥያቄዎች ይጠይቃል፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይያዛል፣ ድምሩ ቢበዛ 27 ነው። 18 የነበረ ሰው 9 ከገባ ህክምናው እየሠራ ነው እንላለን። ንቅንቅ ካላለ ህክምናውን እናያለን። የ1 እና 2 ነጥብ ከፍ ዝቅ ግን አያስደንግጣችሁ።

መጠይቁ የተዘጋጀው አሜሪካ ነው፤ ታዲያ እኛ ጋ ይሠራል ወይ? ለዚህ መተርጎም ብቻ አይበቃም። ሰዎች ከሞሉት በኋላ ባለሙያ ለብቻው አነጋግሯቸው ሁለቱ ውጤቶች ይመሳከራሉ። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ እዚሁ ኢትዮጵያ በተመላላሽ ታካሚዎች ላይ የተሠራ ጥናት 10 ነጥብን መለያ አድርጎ፣ ድብርት ካለባቸው 100 ሰዎች 86 ያህሉን መለየት እንደሚቻል አሳይቷል። ከሌለባቸው 100 ውስጥ ግን 33 ያህሉንም «አለባችሁ» ይላል። ለዚህ ነው በወረቀት ብቻ የማንፈርደው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ማለት ለምዶብናል። ሐኪሙን ላለማስቀየም 0፣ 0፣ 0 ብለን ስንሞላ ያልሠራ ህክምና የሠራ ይመስላል፣ ሳይስተካከልም ይቀጥላል። ፈተና አይደለም እኮ! ማንበብ ለማትችል እናት ደግሞ ነርሷ ታንብብላት እንጂ ልጅዋ አይሙላላት፤ ልጅ ፊት ማን የልቡን ያወራል?

9ኛው ጥያቄ ስለ ሞትና ራስን ስለመጉዳት ሀሳብ ነው። መልሳችሁ ከ0 በላይ ከሆነ፣ ድምሩ ትንሽ ቢሆንም እንኳ፣ ቀጠሮ ሳትጠብቁ በዚያው ቀን ለሐኪም ንገሩ።