የሚያበራው አንቲቦዲ፦ የነርቭ ሽፋን ሠሪዎችን የሚያሳየን መብራት

ጊዜው ሳይደርስ የተወለደ ሕፃን ማሞቂያ ክፍል ቆይቶ በሰላም ወደ ቤቱ ይገባል። መቆሚያው ሲደርስ ግን እግሮቹ ይገታተራሉ፤ መራመድም ያቅተዋል። ሐኪሞች ይህን ሴሬብራል ፓልሲ ይሉታል። ችግሩ ያለጊዜያቸው በተወለዱ ሕፃናት ላይ ለምን እንደሚበዛ ለመረዳት፣ ተመራማሪዎች በቅድሚያ በአንጎል ውስጥ የሚጎዳው ሕዋስ የትኛው እንደሆነ ማወቅ ነበረባቸው። በዛሬው ጽሑፋችን በዚህ ሥራ የረዳቸውን መሣሪያ እናስተዋውቃችኋለን።

ማይሊን ምንድን ነው?

በአንጎላችንና በሕብለ ሰረሰራችን ያሉ የነርቭ ሕዋሳት መልእክት የሚያስተላልፉት በረጃጅም ክሮች ነው። የኤሌክትሪክ ሽቦ በፕላስቲክ እንደሚሸፈን ሁሉ፣ ብዙዎቹ ክሮች ማይሊን በተባለ ስብ የበዛበት ሽፋን ተጠቅልለዋል። ሽፋን ባለው ወፍራም ክር ላይ መልእክት በሰከንድ እስከ 120 ሜትር ሊጓዝ ይችላል፤ ሽፋን በሌለው ቀጭን ክር ላይ ግን በሰከንድ ከ2 ሜትር ብዙም አያልፍም።

ሽፋኑን በአንጎልና በሕብለ ሰረሰር የሚሠሩት ኦሊጎዴንድሮሳይት የተባሉ ሕዋሳት ናቸው። ስፔናዊው ፒዮ ዴል ሪዮ ኦርቴጋ ከመቶ ዓመት በፊት ለይቶ ገልጿቸዋል። አንዱ ሕዋስ እስከ 50 ለሚደርሱ የክር ክፍሎች ሽፋን ሊሠራ ስለሚችል፣ እሱ ሲሞት ብዙ ክሮች ይራቆታሉ።

ችግሩ ግን በተራ ማይክሮስኮፕ ሲታዩ ከጎረቤቶቻቸው መለየታቸው አስቸጋሪ ነው። በዚያ ላይ ሕዋሳቱ እንደ ሰው ዕድሜ አላቸው፤ ጨቅላ፣ ወጣትና የበሰለ እየሆኑ ያድጋሉ። የትኛው ዕድሜ ላይ እንዳሉ ካልታወቀ የደረሰባቸውን ጉዳት መረዳት አይቻልም።

አንቲቦዲው እንዴት ይሠራል?

አንቲቦዲ ሰውነታችን ጀርሞችን ለይቶ ለመያዝ የሚያመርተው ፕሮቲን ነው። ቁልፍ የራሱን ጓጉንቸር እንደሚከፍት፣ አንቲቦዲም የሚይዘው የራሱን ዒላማ ነው። አሜሪካዊው አልበርት ኩንስና ባልደረቦቹ በ1940ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የሚያበራ ቀለም በአንቲቦዲ ላይ አጣበቁ። በ1975 ደግሞ ኮለርና ሚልስታይን አንድ ዓይነት አንቲቦዲን ያለማቋረጥ የማምረት ዘዴ አገኙ። በዚህ ዘዴ በመጠቀም ኢልዘ ሶመርና ሜሊታ ሻህነር በ1981 «ኦ4» የተባለውን አንቲቦዲ ይፋ አደረጉ። ኦ4 በሽፋን ሠሪዎቹ ገጽ ላይ የሚገኘውን ሰልፋታይድ የተባለ ስብ ይይዛል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ስስ የአንጎል ቁራጭ በመስታወት ላይ ይደረግና ኦ4 ይጨመርበታል። ከቆይታ በኋላ ይታጠባል። ቀጥሎ ኦ4ን የሚይዝ፣ ቀለም የተጣበቀበት ሁለተኛ አንቲቦዲ ይጨመራል፤ እንደገና ይታጠባል። ለምሳሌ ቀለሙ ፍሎረሰይን ከሆነ፣ ሰማያዊ ብርሃን ሲበራበት ዒላማው ያለባቸው ሕዋሳት አረንጓዴ ሆነው ያበራሉ፤ ሌላው ጨለማ ሆኖ ይቀራል።

ሥራው ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዒላማው ስብ ስለሆነ፣ ለሌሎች አንቲቦዲዎች የሚጠቅመው እንደ ሳሙና ያለ ኬሚካል እዚህ ላይ ዒላማውን ራሱን አጥቦ ሊወስደው ይችላል። ኦ4 ሳይነካው ሁለተኛው አንቲቦዲ ብቻ የተጨመረበት ማነጻጸሪያም ይዘጋጃል። እሱም ካበራ ብርሃኑ አሳሳች ነው ማለት ነው።

ምን አሳየን?

ኦ4 ሕዋሱ ከመብሰሉ በፊት ይይዘዋል፤ «ኦ1» የተባለው እህቱ ግን ዘግይቶ ነው የሚይዘው። ስለዚህ በኦ4 አብርቶ በኦ1 የማያበራ ሕዋስ ለመብሰል የተቃረበ፣ ግን ያልደረሰ ነው።

በ2001 የወጣ ጥናት ሕይወታቸው ያለፈ ፅንሶችንና ሕፃናትን አንጎል በዚህ መንገድ መርምሮ ነበር። ከ23ኛው እስከ 32ኛው የእርግዝና ሳምንት በብዛት የሚገኙት እነዚሁ ያልደረሱ ሕዋሳት መሆናቸው ታየ። ይህ ጊዜ ደግሞ የኦክስጅንና የደም እጥረት የአንጎልን ነጭ ክፍል ይበልጥ የሚጎዳበት ጊዜ ነው። ጥርጣሬው ያረፈው ሽፋኑን ሊሠሩ ጥቂት በቀራቸው ሕዋሳት ላይ ሆነ።

ሁለተኛው ምሳሌ መልቲፕል ስክለሮሲስ ነው። በዚህ በሽታ የሰውነት መከላከያ በራሱ ማይሊን ላይ ይዘምታል። ሆላንዳዊው ተመራማሪ ኹስ ቮልስዋይክ በ1998 በበሽታው ከሞቱ ሰዎች በተወሰደ፣ ለረጅም ጊዜ በቆየ ቁስል ውስጥ በኦ4 የሚያበሩ ወጣት ሕዋሳት አገኘ። ሕዋሳቱ አልጠፉም፤ ግን አይባዙም፣ የተኙ ይመስሉ ነበር። ይህም «ሠሪዎቹ ካሉ ለምን አይሠሩም? እንዴትስ ይነቃሉ?» የሚለውን ጥያቄ አጠናከረ። የማይሊን ጥገና ምርምር ዛሬም በዚሁ ላይ እየሠራ ነው።

ልብ ልንለው የሚገባ

ኦ4 የቤተ ሙከራ መሣሪያ እንጂ መድኃኒት አይደለም። መልቲፕል ስክለሮሲስን ሐኪሞች የሚለዩት በአካል ምርመራ፣ በኤም አር አይና እንደ አስፈላጊነቱ ከሕብለ ሰረሰር በሚወሰድ ፈሳሽ ነው። ኦ4 ብቻውንም ፍርድ አይሰጥም፤ ከአንጎል ውጭ ባሉ ነርቮች ላይ ሽፋን የሚሠሩትን የሽዋን ሕዋሳትንም ይይዛልና። ተመራማሪዎች የሌሎችን አንቲቦዲዎች ምስክርነት የሚጨምሩት ለዚህ ነው።

ያለጊዜው የተወለደ ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ ልጃችሁ ደህና ቢመስልም የክትትል ቀጠሮውን አታቋርጡ። የእግር መገታተር ወይም የመቀመጥና የመቆም መዘግየት ካያችሁም ሳትውሉ ሳታድሩ ለሐኪም አሳዩ። የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ቶሎ ሲጀመር ልጁን ይበልጥ ይረዳዋል።