የእፉኝት ልጅ እናቱን ገድሎ ይወለዳልን?

ወላጁን የሚበድል ሰው «የእፉኝት ልጅ» ይባላል። እፉኝት ሲፀነስ አባቱ ይሞታል፣ ሲወለድም የእናቱን ሆድ ቀዶ ይወጣል የሚለው እምነት ከግሪክ ወደ ግእዝ በተመለሰው ጥንታዊው «ፊሳልጎስ» ውስጥም ይገኛል።

ሥነ ሕይወት ግን እፉኝት በወሊድ እንደማትሞት ያረጋግጣል። በትረካው ውስጥ እውነት የሆነው እንቁላል የማትጥል መሆኗ ነው። አብዛኞቹ እባቦች እንቁላል ሲጥሉ፣ በአፍሪካ በስፋት የምትገኘው ወፍራሟ እፉኝት ፅንሶቿን በሆዷ አቆይታ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 40 ልጆች በአንድ ጊዜ ትወልዳለች። በቼክ አንድ የእንስሳት ማቆያ 156 የወለደችም ተመዝግባለች። ልጆቹ በስስ ሽፋን ተጠቅልለው ይወለዱና ወዲያው ሽፋኑን ቀደው ይወጣሉ። ሆድ ተቀደደ የተባለው ምናልባት ይህን ካየ ሰው የመጣ ይሆናል።

ፅንስን በሆድ መያዝ ለብርዳም አገር ይበጃል። ከጎንደር በደባርቅ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ እንደምትገኘው ኮሶዬ ባለ ደጋ፣ አፈር ውስጥ የተተወ እንቁላል በቂ ሙቀት ላያገኝ ይችላል፤ በሆዷ የያዘች እናት ግን ፀሐይ እየሞቀች ፅንሶቿንም ታሞቃለች።

የእፉኝት እናትነት በወሊድ ያበቃል። ልጆቿን አትመግብም፣ አትጠብቅም፤ ስለዚህ ልጆቿ ቢገደሉ ትበቀላለች ተብሎ የሚሰጋበት ምክንያት የለም።

ዘንዶ ከዚህ ይለያል። በቋራው አልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ የሚገኘው ዘንዶ እንቁላል ይጥላል፤ እናቲቱም እስኪፈለፈል ድረስ ተጠምጥማ ትጠብቀዋለች። ተመራማሪው ግራሃም አሌክሳንደር በ2018 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጡት ጥናት፣ የዚህ ዘንዶ የቅርብ ዘመድ የሆነችው የደቡብ አፍሪካዋ ዘንዶ ፀሐይ ሞቃ እየተመለሰች እንቁላሎቿን እንደምታሞቅ፣ ከተፈለፈሉም በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል ከልጆቿ ጋር እንደምታድር አሳይተዋል። በእነዚያ ወራት ምግብ አትቀምስም።

ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ ወደ መተማና አርማጭሆ ለሚወርዱ ሠራተኞች ዋናው ጉዳይ የእፉኝት ልጅ ከተወለደበት ሰዓት ጀምሮ መርዝ ያለው መሆኑ ነው። አንዲት ትንሽ እፉኝት በታየችበት ሌሎችም በአቅራቢያ ሊኖሩ ስለሚችሉ ነዶ በባዶ እጅ ከማንሳት በፊት በእንጨት መነካካት ይገባል። የተነደፈ ሰው ቁስሉ አይበጣ፣ አይመጠጥ፣ በገመድም ጠብቆ አይታሰር፤ የተነደፈው አካል ሳይንቀሳቀስ የመርዝ ማርከሻ ወዳለበት ሕክምና በፍጥነት ይወሰድ።