ተራውን የሳተው ነፋስ

ነፋስ ደስ ባለው በኩል ይነፍሳል እንላለን። በምድር ወገብ ሰማይ ላይ፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ግን ተራ ጠብቆ የሚነፍስ ነፋስ አለ። አንድ ዓመት ገደማ ከምሥራቅ ይነፍሳል፤ ቀጥሎ ከምዕራብ ይነፍሳል። ዙሩ 28 ወር ያህል ይፈጃል።

ይህ እንዴት ታወቀ? የአየር ጠባይ ሠራተኞች መሣሪያ በፊኛ ወደ ሰማይ እየላኩ፣ በእኛ አቆጣጠር ከ1945 ዓ.ም. ጀምሮ ሳያቋርጡ መዘገቡ። የሚመጣውንም ተራ አስቀድመው ይናገሩ ነበር።

በ2008 ዓ.ም. ግን ነፋሱ ተራውን ሳተ። በምዕራቡ ነፋስ ተራ የምሥራቁ መሐል ገባበት። መዝገቡ ሁሉ ቢገላበጥ እንዲህ ያለ ነገር አልተገኘም። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ተደገመ።

ባይጻፍ ኖሮ ለውጡን ማን ያውቅ ነበር? በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። እኛም እኮ ዛሬ መጻፍ ችለናል! ዝናቡ የገባበትንና የወጣበትን ቀን በየዓመቱ እንጻፍ።