«ኤሲው ጋዝ ጨርሷል»፦ በአዋሽ ሸለቆ ስለ ማቀዝቀዣ ጽዳት ተረትና እውነታ

ሰመራ ከባሕር ወለል በላይ ከ500 ሜትር በታች ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በሰኔ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ መሞቋ ለነዋሪው አዲስ ነገር አይደለም። በእንዲህ ያለ አገር ኤሲ የቅንጦት ዕቃ ተብሎ አይታለፍም። ክሊኒኩ፣ ቢሮውና አቅሙ የፈቀደለት ቤተሰብ ሁሉ በእሱ ይተማመናል። ማቀዝቀዝ ሲያቅተው ግን ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሰማው ፍርድ «ጋዙ አልቋል፣ ይሞላ» የሚል ነው።

የኤሲ ጋዝ እንደ ነዳጅ ተቃጥሎ አያልቅም። በታሸገ ቱቦ ውስጥ እየዞረ የክፍሉን ሙቀት ወደ ውጪ ያወጣል፣ ተመልሶም ያንኑ ሥራ ይደግማል። ከጎደለ የሆነ ቦታ ያፈስሳል ማለት ነው። የሚያፈስሰው ቦታ ሳይፈለግና ሳይዘጋ በየዓመቱ ማስሞላት ገንዘብ ማባከን ነው። ባለሙያው «ልሙላልህ» ሲል «የት ነው የሚያፈስሰው?» ብሎ መጠየቅ የባለቤቱ መብት ነው።

ከጋዙ በፊት መታየት ያለበት አቧራው ነው። ወደ ጂቡቲ የሚወርደው የከባድ መኪና መንገድ አዋሽ ሰባት ኪሎን፣ ሎግያንና ሰመራን ያቋርጣል፤ ዙሪያውም ነፋስ በቀላሉ የሚያነሳው ደረቅ መሬት ነው። ያ አቧራ ከቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚያርፈው በኤሲው ማጣሪያ ላይ ነው። ማጣሪያውን ለማየት መፍቻ እንኳን አያስፈልግም። ብሬከሩን ያጥፉ (ሪሞቱን ብቻ ማጥፋት በቂ አይደለም)፣ የፊት ክዳኑን በሁለት እጅ ወደ ላይ ያንሱ፣ ከሥሩ ያሉትን የፕላስቲክ መረቦች ስበው ያውጡ። ወደ ብርሃን አቅንተው ሲያዩት ብርሃን የማያሳልፍ ከሆነ፣ አየርም በደንብ እያሳለፈ አይደለም። ለብ ባለ ውሃና በትንሽ ፈሳሽ ሳሙና፣ ውሃው አቧራ ካልያዘው ወገን ወደያዘው እንዲገፋ አድርገው ያጥቡት። በተቃራኒው ከታጠበ ቆሻሻው ይበልጥ መረቡ ውስጥ ይቀረቀራል። ፀሐይ ፕላስቲኩን ስለሚያጣምመው ጥላ ሥር ያድርቁት፤ እርጥብ እያለም አይመልሱት። በአቧራ ወቅት በየሁለት ሳምንቱ ማድረግ ከመጠን ያለፈ አይደለም።

ይህ ትንሽ ሥራ በመብራት ሒሳብም ይታያል። የአሜሪካ ኢነርጂ መሥሪያ ቤት የተደፈነ ማጣሪያን በንጹሕ መተካት የኤሲን የኃይል ፍጆታ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል ይገልጻል። በኤሲው የቤት ውስጥ ክፍል ላይ በረዶ ሲጋገር «ዛሬስ በደንብ እየሠራ ነው» የሚል ሰው አለ። ነገሩ ተቃራኒው ነው፤ በረዶው አየር እንደታፈነ ወይም ጋዝ እንዳነሰ ያሳያል። አጥፍቶ ማቅለጥና ማጣሪያውን ማየት ይቀድማል።

«ግፊቱ በጠነከረ ቁጥር ይጸዳል» የሚለው እምነት ብዙ ዕቃ አበላሽቷል። የውጪው ክፍል ጀርባ ላይ የተደረደሩት የአሉሚኒየም ቅጠሎች በጣት ሲነኩ እንኳን ይጣመማሉ። የላቫጆ ፓምፕ ወይም የጎሚስታ ኮምፕረሰር ቢደገንባቸው ተጣጥፈው የአየሩን መንገድ ይዘጋሉ። የሚበጀው ለስላሳ ብሩሽ በቅጠሎቹ አቅጣጫ ማስኬድና ቀስ ብሎ በሚወርድ የጎማ ውሃ ማጠብ ነው። በረኪና አሉሚኒየም ስለሚበላ አይጠጋው።

በሌላው ዓለም በረዣዥም የአየር ቱቦዎች ውስጥ የሚሽከረከር ብሩሽና ትልቅ ቫክዩም አስገብቶ የማጽዳት ንግድ አለ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ግን እንዲህ ያለው ጽዳት የጤና ችግር መከላከሉ እንዳልተረጋገጠ ጽፏል፤ የሚመክረውም ሻጋታ ሲታይ፣ አይጥ ወይም ነፍሳት ሲገቡ፣ ወይም ቱቦው በአቧራ ሲደፈን ነው። በግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የቤት ኤሲ የአየር ቱቦ ጭራሽ የለውም። ቱቦ ያላቸው ትልልቅ አዳራሾችና ሆቴሎች ጉዳይ ሌላ ነው።

«ኤሲ የሳንባ ምች ያመጣል» የሚለውስ? የሳንባ ምች የሚመጣው በተሕዋስያን ነው። በ1976 እ.ኤ.አ. በፊላደልፊያ ሆቴል የተነሳው የሌጂዮኔር በሽታ የተባለው የሳንባ ምች ስሙን ያጠፋው የትልቅ ሕንፃ የውሃ ማቀዝቀዣ ማማን ነው፤ የግድግዳው ኤሲ እንዲህ ያለ ማማ የለውም። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ተቃራኒው እምነት ነው፦ «ኤሲ ስላለ መስኮት መክፈት አያስፈልግም።» የቤት ኤሲ ያንኑ የክፍሉን አየር እያዞረ ያቀዘቅዛል እንጂ ንጹሕ አየር ከውጪ አያስገባም። ነፋስ ይመታናል ብለን በዘጋነው ክፍል አንድ የቲቢ ሕመምተኛ ቢያስል፣ ተሕዋሱ እዚያው ይቆያል። የአፋር እናቶች ከሰሌን የሚሠሩት ዳቦይታ የተባለ ጎጆ ነፋስ ያስገባል፤ የሲሚንቶው ቤት ግን መስኮቱ ካልተከፈተ አይተነፍስም። ማለዳ፣ ሙቀቱና አቧራው ሳይነሳ፣ መክፈት ተገቢ ነው።

የመጨረሻው ጉዳይ ከኤሲው የሚንጠባጠበው ውሃ ነው። አንዳንዱ «ጋዙ እየፈሰሰ ነው» ይላል፣ ሌላው «ንጹሕ ነው፣ ይጠጣል» ይላል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ውሃው ከክፍሉ አየር የወጣ እርጥበት ነው፤ በአቧራማ ብረት ላይ ስለሚወርድም ለመጠጥ አይሆንም። ወደ ቤት ውስጥ ከፈሰሰ ብዙ ጊዜ ማስወገጃው ቱቦ በዝቃጭ ተደፍኗል ማለት ስለሆነ ቱቦው በውሃ ይታጠብ። ባልዲ ከሥሩ የምናስቀምጥ ግን እንጠንቀቅ። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለችው የወባ ትንኝ በኢትዮጵያ መጀመሪያ የተገኘችው በ2016 እ.ኤ.አ. በቀብሪ ደሃር ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ በተደረገ አሰሳ በሰመራ፣ በገዋኔና በአዋሽ ሰባት ኪሎም ታይታለች። ከረግረግ ይልቅ በከተማ ባልዲ፣ በርሜልና ታንከር ውስጥ መራባት ትችላለች። ባልዲውን ይክደኑት፣ በየሁለትና በየሦስት ቀኑም ይድፉት።