በግምጃ ቤት የትኛውን ጠላ ቤት እንምረጥ?

የአንከሻ ጓጉሳ ወረዳ ከተማ ወደ ሆነችው ግምጃ ቤት ለአንድ ከሰዓት ብቻ የሚዘልቅ ወጣት፣ በእንጨት ጫፍ ጣሳ የተደፋበትን በር ሁሉ ልጎብኝ ቢል ትርፉ ኪስ ማራገፍና ራስ ምታት ነው። ሁለት ቤት ይበቃል እንላለን።

ሲመርጡ ከዋጋው በፊት ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ መታጠኑን፣ ጥንስሱም መቼ እንደ ተጠነሰሰ ይጠይቁ። ጊዜውን ያልጠበቀ ጉሽ ሆድ ይነፋል፤ ድፍድፉ ላይ ውሃ ሲደጋገም ደግሞ ቅራሪ ይሆናል።

እኛ በአንደኛው ቤት «ግሩም ጠላ» ተብለን ቅራሪ ጠጣን። የሁለተኛዋ እናት ግን፣ «ልጆቼ፣ የቀረኝ ቅራሪ ነው፤ በጠላ ዋጋ አልሸጥላችሁም» አሉን።

ጌሾ ወቅጠው፣ ብቅል አብቅለው ለሚያድሩ እናት ያች ገንዘብ ቀላል አልነበረችም። ስለዚህ ዳግመኛ ስንሄድ የምናንኳኳው የእርሳቸውን በር ነው።