እስስት ምግብ እምቢ ስትል

በቤት የምትጠበቅ እስስት የቀረበላትን ፌንጣ አልበላም ስትል፥ ጠባቂዋ «አመለኛ ናት» ብሎ ይፈርድባታል። ነገር ግን ከመፍረድ በፊት ሦስት ነገሮችን መመርመር ይገባል።

አንደኛው ሙቀት ነው። እስስት የገላዋን ሙቀት የምታገኘው ከውጭ ስለሆነ፥ ከበረዳት የበላችው አይፈጭላትም። ለምሳሌ በብዙ አገር በቤት የምትረባው የየመን እስስት፥ የምትሞቅበት ቅርንጫፍ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል እንዲሞቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ውሃ ነው። በሳሕን የተቀመጠውን ብዙ ጊዜ ልብ አትለውም፤ የምትጠጣው በቅጠል ላይ ያረፈውን ጠብታ ነው። የተጠማች እስስት ደግሞ ምግብ አያሰኛትም። ስለዚህ ቅጠሉን በየቀኑ ማርጠብ ነው።

ሦስተኛው የምግቡ ዓይነት ነው። እስስት የሚንቀሳቀሰውን በዓይኗ ተከታትላ የምታድን ስለሆነች፥ የሞተ ነፍሳት አይስባትም። አንድ ዓይነት ብቻ ሲደጋገምባትም ልትሰለች ትችላለች፤ ፌንጣውን፥ ዝንቡንና አባጨጓሬውን ማፈራረቅ ይጠቅማል። የነፍሳቱም ስፋት በሁለት ዓይኖቿ መካከል ካለው ስፋት አይብለጥ።

ይህ ሁሉ ተሟልቶ ሳለ ዓይኗ ከጎደጎደ፥ ወይም በቀን ከጨፈነች፥ ነገሩ አመል ሳይሆን ሕመም ነውና ሳይዘገይ ለእንስሳት ሐኪም ማሳየት ይገባል።