ባቡር ያድርበት የነበረው ጣቢያ

ባለፈው የትምህርት ቤት ዕረፍት ቤተሰቡን ይዤ ወደ አዋሽ ፓርክ ስንሄድ፣ አዋሽ ሰባት ኪሎ ገብተን አሮጌው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ቆምን። የሰባት ዓመቷ ልጄ ሃዲዱን አይታ «ባቡሩ መቼ ነው የሚመጣው?» አለች። መልሱን ለእናቴ ተውኩላት። እናቴ በልጅነቷ ክረምት በመጣ ቁጥር ድሬዳዋ ዘመዶቿ ጋ የምትሄደው በዚሁ ባቡር ነበር።

«አይመጣም የኔ እናት» አለቻት፤ «እኛ ግን ብዙ ሄደንበታል።»

አዋሽ ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ የቆላ ከተማ ናት። ለከተማነት ያበቃት ባቡሩ ነው። አፄ ምኒልክ ለስዊዛዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገዱን ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነበር። ሥራው ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ከዚያ ኩባንያው ከሰረና ሃዲዱ ለዓመታት እዚያው ቆመ። በሌላ ኩባንያ እጅ ቀጥሎ፣ የአዋሽን ገደል በድልድይ ተሻግሮ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ በጠቅላላው 784 ኪሎ ሜትር።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ በሌሊት አይጓዝም ነበር። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ይፈጃል፤ አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሁለተኛውን አዋሽ ያድራል። ያደረ መንገደኛ ደግሞ እራትና መኝታ ይፈልጋል። ከጣቢያው አጠገብ ያለው፣ ቡፌ የሚባለው ሆቴል የተከፈተው ለዚህ ነው። በ1923 ዓ.ም. ለአፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ከባሕር ማዶ የመጡ እንግዶች በዚህ መስመር አልፈዋል። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ወደ ስደት የሄዱት በዚሁ ሃዲድ ነው።

እኔ የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝ። በሥራዬ በብዛት ከምጽፋቸው ቃላት አንዱ «ፈጣን» ነው። አዋሽን የሠራት ግን የባቡሩ ዝግታ ነው።

ባቡሮቹ እየፈጠኑ ሲሄዱ አዳሩ ቀረ፤ ማረፉ ግን አልቀረም። እናቴ የምታስታውሰው ይህን ነው፦ ባቡሩ ገና ሳይቆም በመስኮቱ ሥር የሚሮጡትን ሻጮች፣ የተቀቀለ እንቁላሉን፣ ሻዩን፣ ከፉርጎ ፉርጎ የሚጠራሩትን ነጋዴ ሴቶች። «የማታውቂው ሰው ያጎርስሽ ነበር» አለችኝ።

ስለ ድልድዩ ስጠይቃት ግን ዝም አለች። በጥር 1977 ዓ.ም. አንድ የመንገደኞች ባቡር ኩርባው ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ከሃዲዱ ወጥቶ ገደል ገባ። ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ። በአፍሪካ የባቡር ታሪክ እጅግ አስከፊ ከሚባሉት አደጋዎች አንዱ ነው። ከሟቾቹ አንዷ የእናቴ የድሬዳዋ ጓደኛ እንደነበረች የሰማሁት በዚያን ቀን ነው። ሠላሳ ምናምን ዓመት አብረን ስንኖር አንድም ቀን አንሥታብኝ አታውቅም፤ እኔም ጠይቄያት አላውቅም።

ሃዲዱ እያረጀ፣ ጥገናው እያነሰ፣ ጭነቱም ወደ ከባድ መኪና እየዞረ ሄደ። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ የሚሄደው ባቡር ቆመ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር የራሱ ሰፊ ሃዲድና የራሱ ጣቢያዎች አሉት። አሮጌው ጣቢያ ያለ ሥራ ቀረ።

ወደ አዋሽ ፓርክ ወይም ወደ ድሬዳዋ ስትጓዙ ግማሽ ሰዓት ቆጥባችሁ እዚህ ጎራ በሉ። ከተቻለ በዚህ ባቡር የሄደ አባት፣ እናት ወይም አክስት ይዛችሁ ሂዱ። ሕንፃው ብቻውን ብዙ አይናገርም። እነሱ ግን ይናገራሉ፤ ከጠየቅናቸው።

እኛ ለግማሽ ሰዓት ብለን ቆመን ሁለት ሰዓት ቆየን። ልጄ በአያቷ እጅ ተይዛ በሃዲዱ አግዳሚዎች ላይ እየዘለለች ስትቆጥር፣ ወደ ፓርኩ የምንገባበት ሰዓት አለፈ። ማንም ቅር አላለውም።